ድስቱ ገብቶ ልጅቱ የቀረችበት ቤት

እኔ ደግሰው የምባል ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ላሊበላ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ከዣንጥላ ሥር ተቀምጬ የሰውን ብሶት በወረቀት ማስፈር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ተቀምጬ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ እኔስ መቀመጥ አይሆንልኝም። አንድ ማመልከቻ ጽፌ ሁለት ዙር ካልዞርኩ እግሬ ይበላኛል። ባለቤቴ «አንተን እናትህ የወለደችህ መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም» እያለች ትቀልድብኛለች።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። ባለጉዳይ የለም፤ ነፋሱ ወረቀቴን ያንሳፍፋል፤ ባጃጆቹ ነዳጅ ፍለጋ ሄደው ከተማው ጭር ብሏል። ዣንጥላዬን አጥፌ ቁልቁል ወደ ገበያው ስወርድ አንዲት ልጅ መንገድ ዳር፣ በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አየሁ። አጠገቧ የስንቅ ከረጢት አለ፤ ደብተሮቿን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች።

በላስታ ይህ ጓዝ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ ሲገባ ክፍል ይከራያል፤ ቤተሰቡ በየገበያው ቀን ስንቅ ያመጣለታል። መስከረም በመጣ ቁጥር ከተማው በፍራሽ ተሸካሚ ይሞላል። ነገር ግን ጓዙ ወደ ቤት ሲገባ ነው የምናየው፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲውል ደግ አይደለም።

«ልጄ፣ መኪና ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ ቤት ነው የምጠብቀው» አለችኝ፣ ቤት በእግሩ የሚመጣ ይመስል።

ስሟ ሰብሌ አረጋ ነው። ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ካለች ትንሽ መንደር ነው የመጣችው። እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ፍላቂት አክስቷ ዘንድ ሆና ተምራለች፤ በመካከሉ ትምህርት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ባክኖባታልና አሁን ሃያ ዓመቷ ነው። አክስቷ ወደ ቆቦ በመሄዷ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ተምራ ለመፈተን እዚህ ተመዝግባለች።

«ማክሰኞ ቤት አግኝቼ ነበር» አለችኝ። «ቁልፉንም ሰጥተውኝ ነበር። ትናንት ጓዜን ይዤ ስመጣ እናቴ ‹ባዶ እጅሽን የሰው ደጅ አትርገጪ› ብላ አዲስ የሸክላ ድስት ሰጠችኝ። ለአከራዬ ባለቤት ሰጠኋቸው፣ ደስ አላቸው። አከራዬም ድስቱን አገላብጠው አዩና ‹ይህን የመሰለ ከማን ገዛሽው?› አሉኝ። ‹አልገዛሁትም፣ እናቴ ናት የሠራችው› አልኳቸው። ከዚያ ቁልፉን መልሺ አሉኝ።»

«ድስቱስ?»

«ድስቱ እዚያው ቀረ።»

ነገሩ ለእንግዳ ሰው ግራ ይሆን ይሆናል፤ ለእኛ ግን አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል» ይባላል። በእጁ የሠራውን እንወስዳለን፤ እጁን ግን ቤታችን ማስገባት እንፈራለን። እኔም ልጅ ሳለሁ ሸክላ ሠሪ ስትመጣ ከእናቴ ቀሚስ ሥር እገባ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ትናንት ማታ ት/ቤት አካባቢ አንዲት ልጅ አሳደረችኝ፤ አከራይዋ ግን ዛሬ እንዳልደግም ነግረዋታል። ቅዳሜ አባቴ ለገበያ ይመጣል። እስከዚያ ቤት ካላገኘሁ ይዞኝ ነው የሚመለሰው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሜዳ ላይ ልትቀሪብኝ ነው ብሎ ነው። ዘንድሮ ከተመለስኩ ደግሞ ሁለተኛ አልመጣም» አለችና ደብተሮቿን ይበልጥ አቀፈች።

«ለመሆኑ አከራይሽ ማን ናቸው?»

«የኔታ ሰውአገኝ።»

ስሙን አውቀዋለሁ። የኔታ ሰውአገኝ የዜማ መምህር ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ያከብራቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ዘንድ መጥተው ይማርሽ ለምትባል ተከራያቸው የማስለቀቂያ ደብዳቤ አጽፈውኛል። እርሷም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ደብዳቤው ላይ ግን «ቤቱን ለግል ጉዳይ ስለፈለግሁት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ውሸት መሆኑን እርሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር። ይማርሽ በሳምንቱ ትምህርቷን ትታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ያ ደብዳቤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ከተቀመጥኩበት ያስነሣኛል።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ከዳገቱ በኩል መምህርት ባንቺዓለም እየሮጠች መጣች። ባንቺዓለም የየኔታ የወንድም ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ስታበቃ ማስተማርን መርጣ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የዜግነት ትምህርት ታስተምራለች። ሰብሌንም የመዘገበቻት እርሷ ናት።

«ጋሽ ደግሰው፣ እንኳን አገኘሁዎት» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ስድስት ቤት ዞርኩ። ሁሉም ‹አለ› ይሉና የማን ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ‹አሁን ተያዘ› ይሉኛል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነው የሚደርስ። አሁን ተመልሼ የኔታ ዘንድ ልሄድ ነው።»

«የኔታን በክርክር የረታ ሰው አልሰማሁም፤ ውሃ መውቀጥ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው እርስዎም ይምጡና አብረን እንውቀጥ» አለችና ፍራሹን ከወዲያ ጫፍ አነሣች። እኔም ከወዲህ ጫፍ ያዝኩ።

የየኔታ ግቢ ንጹሕ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ እንግዳ ከከተማው ከራቀ ወዲህ ለተማሪ ያከራይዋቸዋል። በሩ ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ሰብሌ «እኔ ከደጅ ልሁን» ብላ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቀረች። የኔታ ከጥላው ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ከማድ ቤት የሽሮ ሽታ ይመጣል።

«እንዴት ዋሉ የኔታ?» አልን።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉና ፍራሹን አዩ። «ደግሰው፣ ፍራሽ ትነግድ ጀመር እንዴ?»

«የለም፣ ፍራሹ ቤት ጠፍቶበት ነው» አልኳቸው።

ነገሩ ገባቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ባንቺዓለም ዞሩ። «ልጄ፣ ለዚህ ጉዳይ ከሆነ የመጣሽው ድካምሽ ከንቱ ነው። ቤቱ የእኔ ነው። በአጥሬ ውስጥ ማን ይደር፣ ማን አይደር ብሎ የሚያዘኝ አላውቅም።»

«የኔታ፣ ጓዳዎ ማን ይግባ አላልኩም» አለች ባንቺዓለም። «ከገበታዎ ማን ይቁረስ፣ ከመደብዎ ማን ይተኛ፣ እርሱ የእርስዎ ፈንታ ነው። እነዚያ ክፍሎች ግን ለሕዝብ የቀረቡ ናቸው። በርዎ ላይ ያለው ካርቶን ‹የሚከራይ ቤት አለ› ነው የሚለው፤ ‹ከሸክላ ሠሪ ልጅ በቀር› አይልም።»

«ቢልስ?»

«ቢልማ ጥሩ ነበር። ምን እንዳደረግን በጽሑፍ እናየው ነበር። አሁን ግን ሁሉም ‹ተያዘ› ይላል፤ ልጅቱ ከስድስት ቤት ስትመለስ ማንም ያባረራት የለም።»

የኔታ ፈገግ አሉ። በነገር መወጋጋት ይወዳሉ፤ የቅኔ ቤት ሰው ናቸውና። «ሕግ ተምረሻል ብለው ነግረውኛል። እንግዲህ ሕጉን አምጪው። ስለ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጣ ሲሉ እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ያ ግን የአዲስ አበባ ነው። አዋጅ ከዚያ ተነሥቶ እዚህ ዳገት እስኪወጣ ድረስ ይደክመዋል።»

«በዚያስ ልክ ነዎት፣ አልዋሽዎትም» አለች። «ፌዴራሉ ያወጣው የኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ አከራይ ባሻው ቀን ተነሥቶ ውጡ አይበል ይላል። ሥራ ላይ የዋለው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ የክልል ከተሞችን ክልሉ ሲወስን ነው። ላሊበላ ገብቷል አልልዎትም።»

«እንግዲያው አለቀ።»

«አላለቀም። ከአዋጁ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። እርሱ ለአዲስ አበባ ብቻ አልተጻፈም።» ስልኳን አወጣችና አንቀጽ ሃያ አምስትን አነበበችላቸው። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለውን፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በሀብት ልዩነት አይደረግም የሚለውን። «እዚህ ላይ ደግሞ ይስሙኝ፤ ‹በማኅበራዊ አመጣጥ› ይላል፣ ‹በትውልድ› ይላል። የማን ልጅ ነሽ፣ እናትሽ ምን ትሠራለች ማለት ነው። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ ይህን የማክበር ግዴታ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ዜጋ ነው ይላል። እርስዎም እኔም አለንበት።»

«ድሮ ‹በሕግ አምላክ› ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆም ነበር» አሉ የኔታ። «እናንተ ሕጉን ከስልክ ታወጡታላችሁ። ባትሪው ሲያልቅ ሕጉም አብሮ ያልቃል።»

ሳቅሁ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። ባንቺዓለም በዓይኗ ገላመጠችኝ።

«የኔታ፣ ወራጁ ውሃ የሚቆመው ሕጉን ፈርቶ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚያከብረው ነው» አለች። «እኔን ያሳሰበኝ ይህች ልጅ ናት። የትምህርት ሕጉ ማንንም የማን ልጅ ነህ አይልም። እኛ ስንመዘግባት ያየነው የአሥራ አንደኛ ክፍል ውጤቷን ነው። ሰኔ ላይ የሚመጣውም ፈተና ቁጥሯን እንጂ አያቷን አይጠይቅም። ይህ ሁሉ ደንብ ወጥቶ፣ መምህር ተቀጥሮ፣ ወንበር ተዘርግቶ ሲያበቃ ልጅቱ የምታድርበት ካጣች ምን ዋጋ አለው? የገጠር ልጅ ት/ቤት የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ የት/ቤቱ በር ነው፣ አንዱ የአከራዩ። መንግሥት የከፈተውን እርስዎ እዚህ ይዘጉታል፤ ጠባቂ አያስፈልግም፣ ዘብ አያስፈልግም፣ ‹ቁልፉን መልሺ› ማለት ብቻ ይበቃል።»

እኔ ተነሥቼ እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩ። በበሩ ስንጥቅ ሰብሌ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ይታየኛል፤ ሁሉንም ትሰማለች።

«ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ?» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ልጅቱን ጠልቼ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ስሜነሽ ምን ሆና እንደነበር ታውቂያለሽ። ሌት ተቀን ሆዷን ይዛ ትንከባለል ነበር። ያን ጊዜ እዚያች ክፍል ይማርሽ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ዘግይቼ ነው የሰማሁ። ሰው ሁሉ ‹በልታልሃለች› አለኝ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነበር። አሁንስ እንደገና ልድገመው? ደግሞስ ሌሎቹ ተከራዮች ጥለውኝ ቢሄዱ?»

ለየኔታ ያኔ አዘንኩላቸው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርግ ሰው ጨካኝ ይመስለናል። የሚፈራ ሰው ግን ከጨካኝ ይልቅ ሌላውን ይጎዳል፤ ጨካኝ ሰው አንዳንዴ ይጠግባል፣ የሚፈራ ግን እንቅልፍ እንኳ የለውም። ያም ሆኖ የልጅቱ ፍራሽ እግሬ ሥር ነበርና ለሁለቱም እኩል ላዝን አልቻልኩም።

«የኔታ፣ እንዲያው ልጠይቅዎና» አልኳቸው፣ «ማድ ቤት የሚንተከተከው ሽሮ በየትኛው ድስት ነው?»

ከማድ ቤት መልስ መጣ። እማማ ስሜነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ፤ ነገሩን ሁሉ ቆመው ሲሰሙ ኖረዋል። «በአዲሱ ነዋ» አሉ። «ትናንት በጎመን ዘር አሟሸሁት። እንዲህ ያለ ድስት አይቼ አላውቅም፤ እሳት የሚችል፣ ከንፈሩ የተስተካከለ።»

«መልሺላት አላልኩሽም?» አሉ የኔታ።

«የተሟሸ ድስት ይመለሳል? ደግሞ ልጅቱን ከዚህ ፀሐይ ላይ ምን አድርጋችሁ ነው? ነይ ግቢ ልጄ።»

ሰብሌ ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። የኔታ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ወግ ለመለወጥ ያህል፣ «እኔ እጅ ሥራ አልንቅም» አሉ። «የምኖርበት አገር እኮ ከዓለት የተፈለፈለ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም የለም።»

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች ሰብሌ። ድምፅዋን ከገባን ጀምሮ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ጠይቂ።»

«ሲነግሩን ሌሊት መላእክት ሠሩ፣ ቀን ሰዎች ሠሩ ይሉናል።»

«እውነት ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩን እንዲያ ነው።»

«ቀን የሠሩት ሰዎች መሮውን ከየት አመጡት?»

የኔታ ወደ ዓለቱ አቅጣጫ ዞር ብለው አዩ።

«አያቴ ቀጥቃጭ ነበር» አለች። «ልጅ ሳለሁ ለገና ይዞኝ መጣና የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የመሮ ጠባሳ በጣቴ አስነካኝ። ‹ይህ ብረት ሦስት ቀን ፈልፍሎ ይደንዛል፤ ሲደንዝ መልሶ የሚስለው ሰው እዚሁ አጠገብ ኖሮ መሆን አለበት› አለኝ። እዚህ የሚያድርበት ቤት ሰጥተውት እንደሆነ እንጃ። እኔ እሱን ነው ሁልጊዜ የማስበው።»

እኔ ዓለቱን ስንት ዓመት ሳየው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የኔታ ግን ሽንፈት አልለመዱም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ጥያቄሽ ደግ ነው» አሉ። «ነገር ግን ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ለግል ጉዳይም እፈልገዋለሁ።»

ያቺን ቃል ስሰማ ተቀምጬ መቆየት አልቻልኩም። ተነሥቼ ቆምኩ። «የኔታ፣ ይህን ቃል አውቀዋለሁ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የጻፍኩልዎ። ከሁለት ዓመት በፊት ለይማርሽ ‹ቤቱን ለግል ጉዳይ ስለፈለግሁት› ብለን ነው ያስወጣናት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ አራት ወር ባዶውን ተቀመጠ። እኔ በየሳምንቱ በደጅዎ ሳልፍ አየው ነበር። እውነተኛውን ምክንያት ጽፈን ቢሆን ኖሮ ልጅቱ ይዛው ሕግ ፊት መቆም ትችል ነበር። እኛ ግን ሕጉ እንዳያየን አድርገን ነው የጻፍነው። ብዕሩ የእኔ ነበር፤ ለዚያ ነው ዛሬ ፍራሽ ተሸክሜ የመጣሁ።»

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። የመለሱት ግን ሚስታቸው ናቸው።

«ይማርሽ ከሄደች በኋላ እኔ ስንት ጊዜ ታመምኩ፣ መሪጌታ?» አሉ እማማ ስሜነሽ።

የኔታ ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ ዞሩ።

«ልንገርህ፤ ሦስት ጊዜ። ልጅቱ ወጥታ፣ ክፍሏ በጠበል ተረጭቶ፣ እኔ እዚያው ሆዴን ይዤ ነበርኩ።» ወደ ቤት ገቡና ትንሽ ብልቃጥ ይዘው ወጡ። ከፊታችን አንቀጫቀጩት። ውስጡ እንደ ሽምብራ ያሉ አራት ጥቋቁር ጠጠሮች አሉ። «ሐኪሙ ቀዶ ያወጣው የሐሞት ጠጠር ይኸውላችሁ። ከወጣልኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፣ አንድ ቀን ሆዴን አሞኝ አያውቅም። በላችኝ የተባለችው ልጅ ሌት ውሃ እየቀዳች ታጥበኝ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም የሰው ልጅ ትምህርት አስጣልን። ይህን ብልቃጥ የያዝኩት አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር፤ አልጠየቅከኝም።»

ብልቃጡን በየኔታ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ሽማግሌው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘነበሉት፤ ጠጠሮቹ ሲንቀጫቀጩ ይሰማል። እኔ ላንዴ እንኳ ዝም ብዬ ቆምኩ።

«ሰብሌ» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽ ማን ትባላለች?»

«ብርቅዬ።»

«ደግሰው፣ ወረቀት ይዘሃል?»

«መቼም አልለየውም።»

«እንግዲያው ውል ጻፍ። አዋጁ ዳገቱን እስኪወጣ አንጠብቀው፤ እኛ ወርደን እንቀበለው። የዓመት ውል ይሁን፣ እስክትፈተን ማንም አያስነሣት። በመካከሉ እኔ ላስነሣት ብል ምክንያቴን በእውነት በጽሑፍ እንድሰጥ የሚል ጨምርበት።» ጥቂት አሰቡና፣ «የልጅቱን ስም ስትጽፍ ‹የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ ብርቅዬ ልጅ› ብለህ ጻፍ። ማን መሆኗን አውቄ እንዳከራየኋት ይታወቅ» አሉ።

ባንቺዓለም እንዲህ ያለ ነገር በውል ውስጥ አይገባም ልትል ነበር፤ ክንዷን ያዝኳት። ጻፍኩት። ባንቺዓለምና እማማ ስሜነሽ ምስክር ሆነው ፈረሙ። የኔታም ቁልፉን ለሰብሌ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

በዚያ ቀን የተማርኩትን ሳልናገር ባልፍ ያቃጥለኛል። በጽሑፍ የሆነ ውል ተከራይን ብቻ አይጠቅምም፤ አከራዩንም ከጎረቤት ሐሜት ያሳርፈዋል፣ «ምን ላድርግ፣ ውል አለኝ» ይላል። እውነተኛውን ምክንያት ጻፍ የሚል ደንብ ሰውን ከራሱ ይጠብቀዋል፤ ብዙ ክፉ ሥራ የምንሠራው ስሙን ሳንጠራ ነውና። የበሽታን ምክንያት ከሐኪም የጠየቀ ሚስቱንም ጎረቤቱንም ያተርፋል። ሕግ ደግሞ ከሩቅ ቢወጣም የሚኖረው በእያንዳንዱ ሰው በር ላይ ነው፤ ሰው ካልከፈተለት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ስትማር የምትጠቀመው እርሷ ብቻ አይደለችም። ነገ የምታክመን፣ ልጃችንን የምታስተምርልን እርሷ ልትሆን ትችላለች፤ ባትሆንም እንኳ የምታድርበት ልታጣ አይገባም።

ሁሉም ነገር አማረ ግን አልልም። አንደኛው ተከራይ፣ ወንድሙን ይዞ የሚማረው ልጅ፣ በነጋታው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። የኔታ እስከ በሩ ሸኙትና «ስትፈልግ ተመለስ፣ በሬ ክፍት ነው» አሉት። የተቀሩት ሁለት ሴት ልጆች መጀመሪያ ጎሸም እየተደራረጉ ሲያንሾካሹኩ ቆዩ፤ አርብ ማታ ግን ሰብሌ ሒሳብ ስትሠራ አይተው ደብተራቸውን ይዘው ሄዱባት።

ቅዳሜ አባቷ አቶ አረጋ የስንቅ ከረጢት በትከሻቸው፣ ልጃቸውን ይዘው ሊመለሱ ተዘጋጅተው መጡ። እኔም ሥራ ፈትቼ እዚያው ስዞር ነበር። ሰብሌ ክፍሏን ከፍታ አስገባቻቸው። ሰውዬው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየነኩ ጥግ ጥጉን ዞሩ፤ አልተቀመጡም። በዚህ መካከል የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ከደጃፉ ላይ ቆሙ። በገዛ ቤታቸው ሳይገቡ፣

«ቤት ለእንቦሳ» አሉ።

ሰብሌ አባቷን አየች። አባቷ ደንግጠው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እርሷ ናት የመለሰችው።

«እንቦሳ ይሰሩ፣ የኔታ። ይግቡ።»

ገቡ። አረጋ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

እኔ ልሄድ ስል የኔታ ከኋላዬ ተከትለው ወጡ። ከግቢው መካከል፣ ይማርሽ ትኖርበት የነበረችው ሦስተኛዋ ክፍል በር ላይ ቆም አሉ። በትናንቱ ልጅ መውጣት ባዶ ሆናለች።

«ደግሰው፣ ያቺ ልጅ የት ነው ያለችው?»

«ወልድያ ሻይ ቤት ትሠራለች ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ጻፍላት። ክፍሏ አለ፣ ትምህርቷን ትቀጥል በላት።»

«ምን ብዬ ልጀምር?»

የኔታ መቋሚያቸውን ካንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «‹ያን ጊዜ የጻፍንልሽ ውሸት ነበር› ብለህ ጀምር። ምክንያቱንም እንደነበረ ጻፍ፣ አታሳምረው። ስትጨርስ ሁለታችንም እንፈርማለን።»

እዚያው፣ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን ስም ከታች ያኖርኩበት ወረቀት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።